ጎማ የሚያበስለውን ኦፕሬተር በምን እንመዝነው?

ከጎማ ፋብሪካ ሥራዎች ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል የሚመስለው ጎማ የሚበስልበት የኪዩሪንግ ክፍል ሥራ ነው። ጥሬው ጎማ ይመጣል። ፕሬስ የሚባለው ማብሰያ ማሽን ላይ ይጫናል። ቁልፍ ይነካል፣ ፕሬሱ ይዘጋል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ይከፈትና የበሰለ ጎማ ይወጣል። ኦፕሬተሩ ብዙ ፕሬሶችን አንድ ላይ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል። "ይሄማ የማሽኑ ሥራ ነው፣ ሰውየው ምን ያደርጋል?" የሚል ታዲያ አይጠፋም። የሥልጠናውም የምዘናውም ችግር የሚጀምረው ከዚህ አባባል ነው። ሥራው ቁልፍ መንካት ከሆነ ሥልጠናው ቁልፉን ማሳየት፣ ምዘናው ደግሞ ቁልፉን ነክቷል ወይስ አልነካም ብሎ ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ይሆናላ።

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጤነኛውን ዑደት ማሽኑ ያለ ማንም እርዳታ ይጨርሰዋል። የኦፕሬተሩ ችሎታ የሚታየው ዑደቱ ሲበላሽ ነው። የብቃት ምዘናው ጤነኛውን ዑደት ብቻ አይቶ የሚፈርም ከሆነ የተመዘነው ማሽኑ ነው፣ ሰውየው ገና አልተመዘነም።

መጀመሪያ ግን ፕሬሱ ውስጥ ምን እንደሚሆን እንይ፤ ያለዚያ ምዘናው ምን መጠየቅ እንዳለበት አይገባንም።

ጥሬ ጎማ የሚባለው ተገጣጥሞ ያለቀ፣ ግን ያልበሰለ ጎማ ነው። ክሩም፣ ሽቦውም፣ የላስቲክ ንብርብሩም ቦታ ቦታውን ይዟል። ጥርስ ግን የለውም። ሲነኩት ይለጠፋል፣ በጣት ሲጫኑት ምልክት ይቀርበታል። ፕሬሱ ውስጥ ሲገባ ብላደር የሚባለው የላስቲክ ከረጢት ከውስጥ ይነፋና ጎማውን ቅርጽ ከሚያወጣለት የጋለ ሞልድ ጋር ያጣብቀዋል። ጥርሱ፣ ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩት አራት አሃዞች ሁሉ የሚታተሙት ያኔ ነው። በሙቀቱ ኃይል ላስቲኩ ውስጥ የተደባለቀው ድኝ ረጃጅሞቹን ሞለኪውሎች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ደርሶበት በ1844 የአሜሪካ ፓተንት ያወጣበት ነገር ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ብዙ ተቀያይሯል፣ መሠረቱ ግን ያው ነው።

አንዴ ከተሳሰረ ደግሞ መመለሻ የለውም። ከዚህ በፊት ባሉት ክፍሎች የተበላሸ ጥሬ ላስቲክ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ከሌላው ጋር ሊደባለቅ ይችላል። እዚህ የተበላሸ ጎማ ግን ስክራፕ፣ ማለትም የሚጣል ነው፤ ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ የብዙ ሰው ልፋት አብሮት ይጣላል።

ቁጥሮቹን እንያቸው። የቤት መኪና ጎማ በ150 እና በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ባለ ሙቀት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ ይበስላል። የከባድ መኪና ጎማ ወደ አንድ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ለማዕድን ማውጫ መኪኖች የሚሠራው ግዙፉ ጎማ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ብላደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 20 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ መንገድ ላይ የምናየው የቤት መኪና ጎማ የሚይዘው ግን 2 ባር ተኩል ገደማ ነው። 20 ባር 60 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ ሲያርፍ የ57 ቶን ያህል ክብደት ሆኖ ይገፋል። ይህን ቁጥር ለሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ግፊቱ ሳይወጣ ፕሬሱ ለምን እንደማይከፈት፣ ያንን መቆለፊያ ለማታለል መሞከር ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ራሱ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። የላስቲክ ባለሙያዎች አንድ የቆየ የግምት መለኪያ አላቸው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል የመብሰሉ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ በ10 ዝቅ ሲል ግማሽ። ይህን ይዘን አንድ ተራ ችግር እንመልከት። ሞልዱን የሚያሞቀው እንፋሎት 170 ዲግሪ እንዲሆን የግፊት መለኪያው ጌጅ ላይ 7 ባር ገደማ መነበብ አለበት። ጌጁ ወደ 6 ወረደ እንበል። አንድ ባር ናት፣ መርፌዋ ትንሽ ነው ዘንበል ያለችው፣ ብዙ ሰው አይቶ ያልፋታል። እንፋሎቱ ግን ወደ 165 ዲግሪ ወርዷል። በዚያ የግምት መለኪያ መሠረት የመብሰሉ ፍጥነት ሲሶ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቀንሷል ማለት ነው። ሞልዱ ከባድ ብረት ስለሆነ ለአጭር ጊዜ የሆነ መውረድ ብዙም ላይሰማው ይችላል። ከቆየ ግን ይሰማዋል። አንዳንድ ፕሬስ ይህን አይቶ ጊዜውን ራሱ ያራዝማል። ሌላው አላርም አሰምቶ ሰው ይጠብቃል። የሚጠብቀው እንግዲህ ያንን "ምን ያደርጋል?" የተባለውን ሰው ነው።

ሳይበስል የወጣ ጎማ ከውጭ ሲታይ ጥርሱ ያማረ፣ ጽሑፉ የሚነበብ፣ የሚያብረቀርቅ ሊሆን ይችላል። ጉዱ ያለው ውስጡ ነው። ላስቲኩ በቂ ጥንካሬ ሳይዝ ግፊቱ ከተለቀቀ ውስጡ ያለው እርጥበትና ጋዝ ይነፋና ጥቃቅን ቀዳዳ ይፈጥራል። ይህ በብዛት የሚታየው ሙቀቱ መጨረሻ ላይ በሚደርስበት ወፍራም ቦታ፣ ማለትም በትከሻው አካባቢ ነው። መብሰሉ ከበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በተለይ የተፈጥሮ ላስቲክ የበዛበት ጎማ ከልክ በላይ ሲበስል የተሳሰረው መልሶ መፍታት ይጀምርና ጥንካሬውን ያጣል። "ለማንኛውም ትንሽ ደቂቃ ጨምርለት" የሚለው የደግ ሰው ምክር ሁልጊዜ አይሠራም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ድሮ ብላደሩ ውስጥም ቢሆን የሚገባው እንፋሎት ወይም የጋለ ውሃ ነበር። አሁን ብዙ ፋብሪካ መጀመሪያ እንፋሎት ያስገባና ቀጥሎ በናይትሮጅን ግፊቱን ይይዛል። ኃይል ይቆጥባል፣ የብላደሩም ዕድሜ ይረዝማል። ችግሩ የድሮው ኦፕሬተር ጭንቅላት ውስጥ ያለው ሕግ ነው። እንፋሎት ላይ ግፊትና ሙቀት አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ጌጁ ደህና ከሆነ ሙቀቱም ደህና ነው ብሎ መራመድ ይቻል ነበር። ናይትሮጅን ላይ ግን ግፊቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሙቀቱ ቀስ እያለ ሊወርድ ይችላል። ይባስ ብሎ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ የሚፈጥረው ውሃ ብላደሩ ሥር ይጠራቀምና የጎማው የታችኛው ጎን ከላይኛው ያነሰ ሙቀት ያገኛል። ስለዚህ ያ ብዙ ዓመት የሠራ፣ ጌጁን በአንድ ዓይን አይቶ ፕሬሱን የሚያውቅ ሰው፣ በዚያው የጠራ ልማዱ የተነሳ ሊሳሳት ይችላል። "ልምድ አለው፣ እሱ አያስፈልገውም" ተብሎ ከሥልጠና የሚታለፈው ደግሞ ይኸው ሰው ነው! አዲስ ገቢው ቢያንስ የሚረሳው ነገር የለውም።

ኦፕሬተሩ በፕሬሱ ፊት የሚቆመው ለአጭር ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጎበዙ ሰው የሚያደርገውን በቅርብ ብታዩት ይገርማችኋል። የወጣውን ጎማ ሳያነሳው ዞር ዞር አድርጎ ያያል። ዓይኑን ወደ ሞልዱ ይጥልና ተቆርጦ የቀረ የላስቲክ ቅሪት መኖር አለመኖሩን ይፈልጋል፤ ቅሪቱ ከቀረ የሚቀጥለው ጎማ ላይ ይታተማላ። ብላደሩን ያያል፤ ስንጥቅ፣ የሳሳ ቦታ፣ እጥፋት። የሚያንጠባጥብ ውሃ ካለ ያስተውላል። ጥሬውን ጎማ ሲያነሳ ባርኮዱ ከሞልዱ ጋር የሚሄድ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ሪም ላይ የሚቀመጠው ጠርዙ አለመጣመሙን ይዳስሳል፣ ውስጡ የተቀባው ማለስለሻ እኩል መዳረሱን፣ የወደቀበት ባዕድ ነገር አለመኖሩን ይመለከታል። ከዚያ መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። በጥቂቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጎማ ፕሬሱ ሲዘጋ ጠርዙ ሊቆነጠጥ ይችላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጆሮው ሌላ ቦታ ነው፤ ከጀርባው ካሉት ፕሬሶች አንዱ የተለየ ፉጨት ካሰማ ዞር ይላል።

ይህን ሁሉ በሃያ መስመር ቼክሊስት መጻፍ ይቻላል። ተጽፏልም። እንደ ህንድና እንግሊዝ ያሉ አገሮች ሥራን እንዲህ ወደ ትናንሽ የብቃት መስፈርቶች እየከፋፈሉ የሙያ ደረጃ ሲያወጡ ቆይተዋል፤ ሰልጣኙ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ምን ማወቅ እንዳለበት ተለያይቶ ይጻፋል። እኔ ይህን አልቃወምም። መስፈርት ከሌለ "ልጁ ጎበዝ ነው" ከሚል የሱፐርቫይዘር አስተያየት ውጪ የምንይዘው ነገር አይኖርም። ግን ቼክሊስቱ የሚለካው ሰውየው ብላደሩን ማየቱን ነው። ሲያየው ምን እንዳየ አይለካም። አንገቱን ወደ ፕሬሱ ዘንበል አድርጎ የሚመለስ ሰውም ምልክቱን ያገኛል።

ለዚህ መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ስንጥቅ ጀምሮት የተነሳ ብላደር አይጣል፣ ለሥልጠና ይቀመጥ። ደህና ከሆኑት መካከል አስገብቶ "የቱን ትቀይራለህ? ለምን?" ማለት ነው። ጠርዙ በትንሹ የተጣመመ ጥሬ ጎማም እንዲሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የተቆረጠ ጎማ ይመስለኛል። የሂደት ባለሙያዎች የማብሰያ ጊዜ ሲወስኑ ጎማውን በተለያየ ደቂቃ እያወጡ ይቆርጡትና ቀዳዳው የሚጠፋበትን ነጥብ ይፈልጋሉ። እነዚያን ቁራጮች በደቂቃ ቅደም ተከተል ሰልጣኙ ፊት ደርድሩለት። የመጀመሪያው ስፖንጅ ይመስላል። ቀጣዩ ላይ ቀዳዳው ያንሳል፣ ከዚያ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ይቀራሉ፣ ከዚያ ምንም። ያንን በጣቱ የዳሰሰ ሰው "ፕሬሱን ሁለት ደቂቃ ቀደም ብለህ ብትከፍት ምን አለበት?" ለሚለው ጓደኛው የሚሰጠው መልስ አለው። ስላይድ ላይ "ያልበሰለ ጎማ አደገኛ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ግን ፈተናውን ያልፋል፣ ነገሩ አይገባውም።

ሥልጠናው ራሱ በብዙ ቦታ እንዴት ነው የሚሰጠው? አዲሱን ልጅ ከነባሩ ጎን አቁሞ "እሱን እያየህ ተማር" ማለት ነው። ጥቅም የለውም አልልም፤ እጅ የሚፈታው በሥራ ነው። ግን ነባሩ ሰው ሥራውን ብቻ አያስተምርም፣ አቋራጩንም ያስተምራል። የትኛው ሴንሰር "የሚያስቸግር" እንደሆነ፣ የትኛውን አላርም ዝም ብሎ ማጥፋት "እንደሚቻል"። ደግሞ እሱም የራሱ የምርት ኮታ አለበት፤ ቆሞ ለማስረዳት ጊዜ ማን ሰጠው? አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፋብሪካዎቿ ያዘጋጀችው የሥራ ላይ ሥልጠና ፕሮግራም ነባር ሠራተኞችና አለቆች እንዴት ማስተማር እንዳለባቸው ራሱን የቻለ ሥልጠና ይሰጥ ነበር። አዘጋጅ፣ አሳይ፣ አሠራ፣ ተከታተል የሚል አራት ደረጃ ነበረው። ዛሬም ብዙ ፋብሪካ ሦስተኛው ላይ ይደክማል፤ አራተኛው ከናካቴው የለም።

ወደ ምዘናው ልመለስ። የቃል ወይም የጽሑፍ ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ "የሞልዱ ሙቀት ስንት መሆን አለበት?" መልሱ ፕሬሱ ላይ ተለጥፏል! ሸምድዶ መመለስ ይቻላል፣ ቀና ብሎ ማንበብም ይቻላል። ጥያቄው እንዲህ ቢሆንስ፦ "የእንፋሎቱ ጌጅ ከ7 ወደ 6 ወርዷል። ዑደቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። የፈረቃ ኃላፊው አጠገብህ የለም። ምን ታደርጋለህ? ጎማው ሲወጣስ የት ታስቀምጠዋለህ? በዚያው መስመር ላይ ያሉትን ሌሎች ፕሬሶችስ?" ይህ ጥያቄ ብዙ ነገር ያወጣል። ሰውየው ፕሬሱን ለመክፈት ይቸኩላል? ጊዜውን በራሱ ሥልጣን ያራዝማል? ያ ሥልጣን አለው? ጎማውን ምልክት አድርጎ ለይቶ ያቆማል ወይስ ከደህናዎቹ ጋር ይለቀዋል? ሌሎቹም ፕሬሶች ከዚያው ቧንቧ እንደሚጠጡ ትዝ ይለዋል? የመጨረሻውን የሚመልሰው ሰው ጥቂት ነው። ያንን ሰው ግን ሌሊት ላይ አምናችሁ ብትተዉት ትተኛላችሁ።

"ግን ይህን እንዴት እንፈትን? ለፈተና ብለን እንፋሎት አንቆርጥም፣ ብላደር አናፈነዳም" የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ለዚያ ደግሞ ያለፉ የዑደት መዝገቦች አሉ። እያንዳንዱ ዘመናዊ ፕሬስ የሙቀትና የግፊት ግራፍ ያስቀምጣል። ከነዚህ መካከል ችግር የነበረባቸውን አውጥቶ፣ ውጤቱን ሸፍኖ፣ "እዚህ ምን ሆኗል?" ብሎ ማቅረብ ነው። ብላደሩ ሲያፈስ ግራፉ ምን ይመስላል? ከእንፋሎቱ ውሃውን የሚያስወጣው ትራፕ ውሃ ይዞ ሲቀርስ? ይህ ፈተና ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም፣ ማንንም አደጋ ላይ አይጥልም። ፋብሪካው የራሱን ታሪክ ይዞ ተቀምጧል፣ የሚያወጣው ሰው ነው የጠፋው።

አንዳንዱ ነገር ግን በወረቀት መፈተን የለበትም፣ በአካል ነው። ማሽኑን አጥፍቶ፣ የኃይል ምንጩን ቆልፎ፣ የማስጠንቀቂያ ታግ ሰቅሎ፣ የቀረ ግፊት መኖር አለመኖሩን አረጋግጦ ከዚያ በኋላ እጅ ማስገባት። ይህን ሰልጣኙ በራሱ ቁልፍ፣ በራሱ እጅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማሳየት አለበት። ኤሌክትሪኩን ብቻ ቆልፎ "ጨረስኩ" የሚል ሰው ብዙ ነው። እንፋሎቱስ? ናይትሮጅኑስ? ሃይድሮሊኩስ? ከፍ ብሎ የቆመው የፕሬሱ የላይኛው ክፍልስ በምን ተደግፏል?

እዚህ ላይ የነጥብ አሰጣጡ ራሱ ችግር አለበት። ከመቶ 80 ያገኘ አለፈ ይባላል። የሳታቸው 20 ነጥቦች የመቆለፍ ጥያቄዎች ቢሆኑስ? የጎማውን ታሪክ በደንብ አውቆ፣ የድኝን ጥቅም ዘርዝሮ፣ ግፊት ባለበት ፕሬስ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው የምስክር ወረቀት ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። ሕይወትን የሚነኩት ነጥቦች ከድምሩ መውጣት አለባቸው። አንዷን የሳተ በሌላው የቱንም ያህል ቢያመጣ አላለፈም፤ ተመልሶ ይሠልጥን። ይህን ስል ጨካኝ የምመስላቸው ይኖራሉ፤ እኔ ግን አማካይ ውጤት የማያድነው ሥራ ላይ በአማካይ ማለፍ አይገባኝም።

ጤናውንም በአጭሩ። ከጋለ ላስቲክ የሚወጣው ጭስ ቀልድ አይደለም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በጎማና ላስቲክ ምርት ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ያለውን ተጋላጭነት በምድብ 1፣ ማለትም ሰውን ለካንሰር እንደሚያጋልጥ በተረጋገጠው ምድብ አስቀምጦታል። እንግሊዝ ለላስቲክ ጭስ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.6 ሚሊ ግራም የሚል ጣሪያ አላት። ናይትሮጅንም ሽታ የለውም፤ ፕሬሱ ሥር ያለ ጉድጓድ ውስጥ ከፈሰሰ ኦክስጅኑን ይገፋዋል። አየር ውስጥ በተለምዶ 21 በመቶ ገደማ ያለው ኦክስጅን ከ19.5 ከወረደ ቦታው አደገኛ ይባላል፣ ሰውየው ግን ምንም አይሸተውም። የወደቀበትን መሣሪያ ለማንሳት "አንዴ ብቻ" ብሎ የሚወርደው ኦፕሬተር ይህን ከሥልጠና ካልሰማ ከየት ይሰማል? ምዘናው ላይ ደግሞ ይህን መጠየቅ ብቻ ሳይሆን የጋዝ መለኪያውን አምጣና አንብብ ማለት ያስፈልጋል። መለኪያው ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት ከሆነ የወደቀው ሰልጣኙ አይደለም።

መዛኙ ማን ይሁን የሚለው ሌላው ራስ ምታት ነው። የራሱ የፈረቃ ኃላፊ ቢመዝነው ሥራውን ያውቃል፣ ሰውየውንም ያውቃል። ግን የሰው እጥረት ያለበት እሱ ነው፤ ነገ ፕሬሱ ላይ የሚቆም ሰው ካጣ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ቢጥለው ራሱን ይጎዳል። ከውጭ የሚመጣው መዛኝ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፣ ግን ይህንን ፕሬስ ከዚያ በፊት አይቶት ላያውቅ ይችላል። ቀን ላይ ይመጣል፣ ሁሉም ልብሱን አስተካክሎ ይጠብቀዋል፣ ቼክሊስቱን ሞልቶ ይሄዳል። ሁለቱን ማጣመር የተሻለ ይመስለኛል፤ ሥራውን የሚያውቅ ግን ከሌላ ፈረቃ የመጣ ሰው፣ ከጎኑ ደግሞ ከምርት ክፍሉ የማይታዘዝ ሰው። ጊዜውም ይታሰብበት። ብዙው ስህተት የሚፈጠረው ሰው ሲደክም ከሆነ ምዘናው ለምን ሁልጊዜ ጠዋት በትኩሱ ይሆናል?

መጻፍና ማንበብ ላይ የሚቸገር ጎበዝ ኦፕሬተርም አለ። ለብዙ ዓመት ጎማ ያበሰለ ሰው የባለብዙ ምርጫ ወረቀት ፊት ለፊቱ ሲቀመጥ ላብ ያጠምቀዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ፕሬሱ አጠገብ አቁሞ በቃል መጠየቅ፣ እያሳየ እንዲያስረዳ ማድረግ ይቻላል። ነባር ልምድን መዝኖ እውቅና መስጠት የሚባለው አሠራር የመጣውም ለዚህ ነው። በዚያው ልክ ግን "ስንት ዓመት ሠራህ?" ብሎ ወረቀት ማደል እንዳይሆን፤ የናይትሮጅኑን ጉዳይ ከላይ አንስቼዋለሁ።

ሥልጠና ሁሉን ይፈታል ማለቴ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ታሪክ ልጨምር። የጎማ አምራቹ ፋየርስቶን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 ወደ 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ፤ ጥርሱ ያለበት ክፍል ከአካሉ እየተላቀቀ ሰው ሞቶ ነበር። አላን ክሩገርና አሌክሳንድር ማስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ፣ ዲኬተር፣ ኢሊኖይ የነበረውን የኩባንያውን ፋብሪካ ምርት ከሥራ ማቆም አድማው ጊዜ ጋር አመሳከሩት። ነገሩ "ልምድ የሌላቸው ተተኪ ሠራተኞች ገቡና ጎማው ተበላሸ" ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። እነሱ ያገኙት ግን እንከኑ በተለይ የበዛው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ኩባንያው በ1994 መጀመሪያ ሠራተኞቹ ጥቅማቸውን እንዲቀንሱ በጠየቀበት ሰሞን፣ ሌላው ተተኪዎቹና ከአድማ የተመለሱት ጎን ለጎን በሠሩበት ጊዜ። በመጀመሪያው ጊዜ ፋብሪካው ውስጥ የነበሩት እኮ ነባሮቹ፣ ሥራውን የሚያውቁት ናቸው። ጥናቱ ስለ ኪዩሪንግ ክፍል ለብቻው የሚናገር አይደለም፣ ስለ ፋብሪካው በጠቅላላ ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ይመለከተናል፤ ችሎታው ያለው ሰው ችሎታውን ላይጠቀምበት ይችላል።

ለዚህ ነው ከምዘናው ጋር አብሮ መታየት ያለበት ጥያቄ ያለው፦ ፕሬሱን ያቆመ ኦፕሬተር ከዚያ በኋላ ምን ይደርስበታል? በምዘናው ቀን "ጎማውን ለይቼ አቆመዋለሁ፣ ለጥራት ክፍል እነግራለሁ" ብሎ የመለሰ ሰው በሥራ ቀን ያንኑ ሲያደርግ "ምርት አስተጓጎልክ" ከተባለና ጉርሻው ከተቆረጠ፣ ሁለተኛ አያደርገውም። ችሎታው አልጠፋም፣ ነገር ገብቶታል። በስክራፕ ብዛት ብቻ ኦፕሬተሩን የሚቀጣ አሠራርም እንዲሁ ነው፤ ብዙው እንከን ከዚህ ክፍል በፊት ተፈጥሮ እዚህ የሚታይ ስለሆነ ሰውየው የሌላውን ዕዳ ይከፍላል፣ ቀስ በቀስም እንከን ሲያይ ዓይኑን ማዞር ይለምዳል።

የምስክር ወረቀቱም ዕድሜ ይኑረው። የፕሬሱ ዓይነት ሲቀየር፣ ከእንፋሎት ወደ ናይትሮጅን ሲኬድ፣ አዲስ የጎማ ዓይነት ሲገባ፣ ሰውየው ለረጅም ጊዜ ከሥራ ርቆ ሲመለስ፣ በነዚህ ጊዜያት ተመልሶ ይታይ። ሙሉውን ፈተና ሳይሆን የተቀየረውን ብቻ።

ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ የግለሰቦችን ስም ብቻ ሳይሆን ጥያቄዎቹንም ወደ ጎን እያነበቡ መሄድ ጥሩ ነው። አንድ ኦፕሬተር ብዙ ጥያቄ ከሳተ እሱ ይሠልጥን። ብዙ ኦፕሬተሮች አንድን ጥያቄ ከሳቱ ግን መመሪያው ይታይ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የአላርም መልእክት እነሱ በማያነቡት ቋንቋ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሁለት የተለያዩ ችግሮች አንድ ዓይነት ቀይ መብራት ያበሩ ይሆናል። ያንን ለማስተካከል የሚያስፈልገው የጥገና ክፍሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።